አማተር ሬዲዮ ምንድነው? ለአፋርስ ምን ይጠቅማል?

አማተር ሬዲዮ ሰዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለአደጋ ጊዜ የሚነጋገሩበት ነው። የኢትዮጵያ መለያ "ኢቲ" ነው፤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ "ኢቲ 3 ኤኤ" ይባላል።

እንዴት ይሠራል? 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ተራራ አያግደውም፣ የስልክ ታወርም አይፈልግም። ሬዲዮው፣ ባትሪና የሽቦ አንቴና ካሉ ከአዋሽ ሰመራ ድረስ ማውራት ይቻላል።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሺዎች ከቀያቸው ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ቀን ኔትወርክ ቢጠፋ "ደህና ነን" የሚለው በምን ይደርሳል? መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃድ ያለው፣ የሠለጠነ ሰው አስቀድሞ በየከተማው መኖር አለበት።