ከምጽዋት ወደ ሥራ ውል

በባሮ ወንዝ ዳር በተቈረቈረችው በጋምቤላ ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ቢያስታውቅና ማየት የተሳነው ወጣት ማመልከቻውን ይዞ ቢቀርብ፣ ጉዳዩ የሚታይበት ሕግ አዲስ አበባ ላይ ከሚሠራበት ሕግ የተለየ አይደለም። ሊለያይ የሚችለው የአሠሪው ግንዛቤና ፈቃደኝነት ነው። በሕግና በአሠራር መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ለማጥበብ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ኢትዮጵያውያን መካከል ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የእርሳቸውን የሕይወት ጉዞ ከሕጉ ጉዞ ጋር አጣምሮ መመልከት ለሙያው ባልደረቦች ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

ወይዘሮ የትነበርሽ እ.ኤ.አ. በ1982 በወሎ ተወለዱ። በአምስት ዓመታቸው በማጅራት ገትር በሽታ ምክንያት የዐይናቸውን ብርሃን አጡ። በአካባቢው ልማድ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር ትያዝ ስለ ነበር፣ ዐይነ ስውርነታቸው ከዚያ ዕጣ እንዳዳናቸው ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። እናታቸውና አያታቸው ልጅቱ እንድትማር ቈረጡ። በሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጡ። ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ በማኅበራዊ ሥራ ሙያም የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። ሕግና ማኅበራዊ ሥራ በአንድ ሰው መገናኘታቸው ለኋላው ተግባራቸው መሠረት ሆነ።

እርሳቸው ከመወለዳቸው አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1963 ዓ.ም. በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ደኩማንን የሚያቋቁም የመንግሥት ድርጅት ተመሥርቶ ነበር። ትእዛዙ ደኩማን ብሎ የተረጐማቸው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት የተነሣ ኑሮአቸውን ማሸነፍ የማይችሉና ረዳት የሌላቸውን ሰዎች ነው፤ በዕድሜ ማነስ ወይም በእርጅና ምክንያት መሥራት የማይችሉትንም ጨምሮ ነበር። በዚህ ትርጓሜ መሠረት አካል ጉዳተኛ ማለት መሥራት የማይችል ሰው ማለት ነበር። ሠርቶ የሚያድር አካል ጉዳተኛ በሕጉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 የሥራ መብትን በስሙ በመጥራቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መንገዱ የተወሰኑ የሥራ ቦታዎችን ለአካል ጉዳተኞች ለይቶ መያዝ ነበርና፣ በ2000 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 568 በመግቢያው ጉድለቱን በግልጽ አስቀመጠ። ይኸውም ቦታ ተለይቶ መያዙ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት እንደማይችሉ የሚያስመስል አመለካከት መፍጠሩ ነው። አዲሱ አዋጅ የሥራ ቦታው ራሱ ለሠራተኛው እንዲመቻች አሠሪውን አስገደደ። እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላገኘ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ሰጠ። መድልዎ ደረሰብኝ የሚል አመልካች በቂ ፍሬ ነገር ካቀረበ ማስረዳቱ ወደ አሠሪው እንዲዞር አደረገ።

ወይዘሮ የትነበርሽ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን የመሠረቱት ከዚህ አዋጅ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። ኋላም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው መሩት። የማዕከሉ መነሻ ሐሳብ አካል ጉዳተኛው ለብቻው በሚሰጥ እርዳታ ሳይሆን ሁሉም በሚገባበት የሙያ ማሠልጠኛ፣ መሥሪያ ቤትና የልማት ፕሮግራም ውስጥ ቦታውን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር የተደረገው ትብብርም በዚሁ በሥልጠናና በቅጥር ላይ ያተኰረ ነበር።

ጉዞው እንቅፋት አላጣውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች የአካል ጉዳተኞችን መብት በማስከበር ሥራ እንዳይሰማሩ ከለከለ። እገዳው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በመካከሉ ባሉት አሥር ዓመታት በውጭ እርዳታ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ስለ መብት ለመናገር ሕግ ይከለክለው ነበር፤ ሰውን አሠልጥኖ ለሥራ ማብቃት ግን አልተከለከለም። በዚሁ ዘመን ውስጥ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች።

እ.ኤ.አ. በ2017 ወይዘሮ የትነበርሽ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በየመድረኩ የሚያስተላልፉት መልእክት አጭር ነው፦ በአንድ ሰው ላይ አንድ ጉዳት ቢኖር ዘጠና ዘጠኝ ችሎታ አለና፣ የሚታየው ሰውየው እንጂ ጉዳቱ አይሁን።

ይህ መልእክት ከባሮ ዳር ሲደርስ ወደ ተጨባጭ ጥያቄዎች ይለወጣል። በክረምት ምድሩ በሚጨቀይበት አገር ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሠራተኛ በየትኛው መንገድ ቢሮው ይድረስ? የፈተናው ወረቀት ለዐይነ ስውሩ ተፈታኝ በማን ይነበብለት? መስማት ለተሳነው የኑዌር ወይም የአኙዋ ወጣት በቃለ መጠይቁ ላይ ማን ያስተርጉም? አዋጁ ለእነዚህ ሁሉ ኀላፊነቱን በአሠሪው ላይ ጥሏል። በተግባር ግን መልሱ በቅጥር ኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡት ባለሙያዎች እጅ ነው። ማመልከቻውን የተቀበለ ባለሙያ ከወጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን በር፣ ወረቀትና ወንበር ቢመረምር፣ የወይዘሮ የትነበርሽን ድካም ከግብ ያደርሰዋል።