አሮጌ ላፕቶፕዎን ወደ ዊንዶውስ 11 ቀይረው ኢንተርኔት እምቢ አለ? ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ይህን ይሞክሩ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህ ምክንያት አሮጌ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 የሚቀይር ሰው በርክቷል። ታዲያ ላፕቶፑ አዲስ መስሎ ይነሳና ዋይፋይ የለም! ሲቪ መላክ ያለበት ሰው "ተበላሸ" ብሎ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያ "ፎርማት ይደረግ" ከተባለ ደግሞ የዓመታት ፋይል ሊጠፋ ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውሱን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ እንደማለት። በቅደም ተከተል እንየው።

1. ችግሩ የማን ነው?
በዚያው ዋይፋይ ስልክዎ ይሠራል? ካልሠራ ችግሩ የራውተሩ ወይም የመስመሩ ነው። ከሠራ ላፕቶፑ ላይ ኤርፕሌን ሞድ እንዳልበራ ይዩ። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች በጎናቸው ወይም ኪቦርዱ ላይ የዋይፋይ ማጥፊያ አላቸው።

2. ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ
የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ሲጫኑ ያገኙታል። "ኔትዎርክ አዳፕተርስ" ስር የዋይፋይ ካርድዎ ከሌለ፣ ወይም የሆነ ቦታ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካዩ ድራይቨሩ አልተጫነም ወይም አልተስማማም ማለት ነው።

3. ኢንተርኔት ከስልክ በገመድ ይውሰዱ
ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር። መውጫው ስልክዎ ነው። አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ሆትስፖት ያለበት ቦታ ገብተው "ዩኤስቢ ቴተሪንግ"ን ያብሩ። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ዋይፋዩን ለላፕቶፑ ያካፍላል፤ ፓኬጅዎ አይነካም። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ላፕቶፑ ላይ "ሜተርድ ኮኔክሽን"ን ያብሩ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጅዎን ሊጨርሰው ይችላል።

4. ድራይቨሩን ይጫኑ
ሴቲንግ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ "ኦፕሽናል አፕዴትስ" ውስጥ ይፈልጉ። ካጡ የላፕቶፑን ሞዴል ይዘው የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይግቡ። የዊንዶውስ 11 ከሌለ የዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ድራይቨር ብዙ ጊዜ ይሠራል። "ሁሉንም ድራይቨር በነፃ" ከሚሉ የማይታወቁ ፕሮግራሞች ይራቁ፤ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

5. ይገናኛል ግን ገጽ አይከፍትም?
ቀንና ሰዓቱን ይመልከቱ። የውስጥ ባትሪው ያለቀ ላፕቶፕ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጾች "ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያሉ አይከፈቱም። ቀኑ ትክክል ከሆነ "ኔትዎርክ ሪሴት" ያድርጉ። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ስለሚያጠፋ አስቀድመው ይጻፏቸው።

6. የጎረቤት ዋይፋይ ይታያል፣ የእርስዎ ግን የለም?
ብዙ አሮጌ ካርዶች 5 ጊጋኸርትዝ አያዩም። ራውተሩ ላይ 2.4 ጊጋኸርትዙን ያብሩ።

7. እየቆየ ይቋረጣል?
ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን "ፓወር ማኔጅመንት" ይክፈቱና ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ።

ይህ ሁሉ ካልሠራስ? አፕግሬድ ካደረጉ 10 ቀን ካልሞላ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ያለው "ጎ ባክ" ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ ሊመልስዎ ይችላል። ካለፈ ደግሞ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ገዝተው መጠቀም ይችላሉ።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም ፋይልዎን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ከዚያ "ፎርማት አታድርገው፣ የዋይፋይ ድራይቨር ብቻ ጫንልኝ" ይበሉት።

ላፕቶፑን ሊያስፎርማት የተዘጋጀ ጓደኛ ካለዎት ሼር ያድርጉለት።