የእንጦጦን ቀጭን መንገድ ማን አወጣው?

ከሽሮ ሜዳ በላይ ባሕር ዛፉን ሰንጥቀው ከተማዋ ቁልቁል እስከምትታይበት ገደል አፋፍ የሚያደርሱት ቀጫጭን መንገዶች የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሥራ ናቸው ብዬ አምናለሁ። «መንገዱ የአፄ ምኒልክ ነው» የሚል ይኖራል። ስለ ዋናው መንገድ ከሆነ እውነቱን ነው፤ በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ስለነበር ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የሚወስደውን የሠራዊቱ በቅሎና የተሳላሚው እግር አቅንቶታል። ግን እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ወረደ። ተራራው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር፤ ባሕር ዛፍ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጫካ ውስጥ መንገድ ደግሞ ጫካውን ሊቀድም አይችልም።

እነዚህ መንገዶች ቤተ ክርስቲያንም ቤተ መንግሥትም አያደርሱም፤ የሚያደርሱት ጭራሮና ቅጠል ወዳለበት ነው። ሸክሙ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ፣ በገመድ ተጠፍሮ ጀርባ ላይ አግድም ስለሚውል ከግራና ከቀኝ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ያጎነበሰች እናት ቀጥ ያለውን ቁልቁለት ትታ ጠመዝማዛውን የምትመርጠው ወድዳ አይደለም። «ደኑን ያራቆቱት እነሱ ናቸው» የሚለውን ክስ አልቀበልም፤ ቅጠሉ የነደደው በከተማው ምጣድ ሥር ነው፣ እንጀራውንም ሁላችን በልተናል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ተራራው መዝናኛ ሆኗል። በየመንገዱ መነሻ የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ተጽፎ ይቁም።