የሮቢን ሁድ መቃብር (ከርክሊስ)

የሮቢን ሁድ መቃብር በሰሜን እንግሊዝ፣ በምዕራብ ዮርክሸር፣ በብሪግሃውስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የከርክሊስ ርስት ውስጥ ያለ የመቃብር ሐውልት ነው። በትውፊት መሠረት የእንግሊዝ አፈ ታሪክ ዝነኛ ሽፍታ ሮቢን ሁድ የተቀበረው በዚህ ቦታ ነው። ሐውልቱ በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ ላይ ቢሰፍርም መሬቱ የግል ይዞታ ስለሆነ ማንም እንደ ልቡ ገብቶ ሊጎበኘው አይችልም። ከ20ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ መቃብሩ የሙት መንፈስ ይታይበታል በሚሉ ሰዎች፣ መግባት በሚፈልጉ የታሪክ ወዳጆችና በባለ ርስቶቹ መካከል ክርክር አስነስቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ገዳሙና ርስቱ

ከርክሊስ በ12ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የሲስተርሲያን ማኅበር የሴቶች ገዳም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት ባዘጋበት ዘመን፣ በ1539፣ ይህም ገዳም ተዘጋ። መሬቱ በ1565 ለአርሚቴጅ ቤተሰብ ተላለፈ፤ ቤተሰቡም ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ይዞት ቆይቷል። ከገዳሙ ሕንፃዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚታየው ዋናው የበሩ ቤት ሲሆን፣ ሮቢን ሁድ የሞተው በዚህ ቤት ውስጥ ነው የሚል ትውፊት አለ።

በ1974 የተቋቋመው የከርክሊስ አስተዳደር ስሙን የወሰደው ከዚህ ገዳም ነው። ገዳሙና መቃብሩ ራሳቸው ግን የሚገኙት በአጎራባቹ በካልደርዴል አስተዳደር ወሰን ውስጥ ነው።

የሞቱ ትውፊት

በ1500 አካባቢ የታተመው ረጅም ግጥም እንደሚተርከው፣ ሮቢን ሁድ ደም ለማስወጣት ወደ ከርክሊስ እመ ምኔት ሄደ። እርሷም የሥጋ ዘመዱ ነበረች። ደም ማስወጣት በዚያ ዘመን የታወቀ ሕክምና ሲሆን በኢትዮጵያ ዋግምት ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። እመ ምኔቷ ግን ሰር ሮጀር ከተባለ የዶንካስተር ሰው ጋር ተማክራ ደሙን በብዛት በማፍሰስ ገደለችው።

ሮቢን ሁድ ሊሞት ሲል በመስኮት ፍላጻ ወርውሮ «ፍላጻው በወደቀበት ቅበሩኝ» አለ የሚለው ዝነኛ ታሪክ በጥንታዊው ግጥም ውስጥ የለም። ታትሞ የወጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ከበሩ ቤት እስከ መቃብሩ ያለው ርቀት 600 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ጤነኛና ብርቱ ቀስተኛ እንኳ ሊወረውር ከሚችለው በእጅጉ ይበልጣል።

የጽሑፍ ማስረጃዎች

የሮቢን ሁድ መቃብር በከርክሊስ እንደሚገኝ ከጠቀሱት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ በሄንሪ 8ኛ ዘመን አገሩን እየተዘዋወረ የመዘገበው ጆን ሊላንድ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ግራፍተን በ1569 እንደጻፈው፣ እመ ምኔቷ ሮቢን ሁድን ቀድሞ መንገደኞችን ይዘርፍበት በነበረው መንገድ ዳር አስቀበረችው። በመቃብሩም ላይ የእርሱና የሌሎች ሰዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አስቀመጠች። ይህንም ያደረገችው መንገደኞች የሽፍታውን መቃብር አይተው ያለ ስጋት እንዲያልፉ ነው ይላል።

ናታንየል ጆንስተን በ1665 ድንጋዩን በሥዕል አስቀርቷል። በሥዕሉ ላይ መስቀልና ግማሽ የጠፋ ጽሑፍ ይታያል። ከጽሑፉ የሚነበቡት ስሞች ግራፍተን ከጠቀሳቸው ጋር ይቀራረባሉ።

በሐውልቱ ዙሪያ ባለው ግንብ ላይ ዛሬ የሚነበበው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ምንጩ በ1702 ያረፈው የዮርክ ካቴድራል አስተዳዳሪ ቶማስ ጌል ትቶት የሄደ ወረቀት ሲሆን፣ ሮቢን ሁድ በ1247 እንደሞተ ይናገራል። ተመራማሪዎች ይህን ጽሑፍ ሐሰተኛ ነው ይሉታል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሆን ተብሎ ጥንታዊ እንዲመስል የተደረገ ነው። የሞቱ ዕለትም በሮማውያን የቀን አቆጣጠር ፈጽሞ በሌለ ቀን ተመዝግቧል። በ1632 የታተመ ሌላ ግጥም ደግሞ የሞቱን ዓመት 1198 ያደርገዋል። ሁለቱ ዓመታት ሊታረቁ አይችሉም።

ቁፋሮና ጉዳት

በ18ኛው መቶ ዘመን የርስቱ ባለቤት ሰር ሳሙኤል አርሚቴጅ ከድንጋዩ ሥር አንድ ያርድ (90 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያህል አስቆፍሮ ነበር። የጥንታዊ መቃብሮች አጥኚው ሪቻርድ ጎፍ በ1786 እንደዘገበው፣ አፈሩ ከዚያ በፊት ተነክቶ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውጤት ሁለት ትርጉም ተሰጥቶታል። አንዳንዶች በቦታው የተቀበረ ሰው አልነበረም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ድንጋዩ ከመጀመሪያ ቦታው ተነሥቶ የመጣ ነው ይላሉ።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአካባቢው የባቡር ሐዲድ ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች ከድንጋዩ ፍርፋሪ እየሰበሩ ይወስዱ ነበር፤ ፍርፋሪው የጥርስ ሕመም ያድናል ተብሎ ይታመን ነበርና። ድንጋዩ እየተሸረሸረ ስለሄደ ባለ ርስቶቹ መቃብሩን በግንብና በብረት አጥር ከበቡት። የመቃብሩ አጥር የተሠራው እንግዲህ የሙት መንፈስ ፈላጊዎች ከመምጣታቸው ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ነው።

የሙት መንፈስ ወሬና የመግባት ክርክር

መቃብሩ በዛፎች መካከል፣ ከሕዝብ መንገድ ርቆ የሚገኝ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጨረሻ አሥርተ ዓመታት ወደ ቦታው የሄዱ አንዳንድ ሰዎች የሴት ምስል እንዳዩ ወይም ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት እንደያዛቸው ተናገሩ። ከዚህም እመ ምኔቷ ቫምፓየር፣ ማለትም ደም መጣጭ ሙት ሆናለች የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው የተመሠረተው ሮቢን ሁድ ደሙ ፈስሶ ሞተ በሚለው ትውፊት ላይ ነው። በቀደሙት ግጥሞች ውስጥ ግን እመ ምኔቷ ከዳተኛ እንጂ ደም መጣጭ አይደለችም፤ ስሟም አይጠቀስም።

ይህ ወሬ ከመስፋፋቱ በፊት በለንደን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በመጋቢት 1970 በሃይጌት መካነ መቃብር ቫምፓየር አለ የሚል ወሬ በጋዜጦችና በቴሌቪዥን ከተሰራጨ በኋላ ብዙ ሕዝብ በሌሊት አጥር እየዘለለ ገብቷል። በመካነ መቃብሩም መቃብሮች ተሰብረዋል። የግል መቃብር ያላቸው ባለ ይዞታዎች የሌሊት ምርመራን በጥርጣሬ እንዲያዩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በከርክሊስ ክርክሩ በሦስት ወገኖች መካከል ነው። የመጀመሪያዎቹ መቃብሩ የሕዝብ ቅርስ ስለሆነ ሊከፈትና ሊታደስ ይገባዋል የሚሉ የሮቢን ሁድ ታሪክ ወዳጆች ናቸው። ሁለተኛዎቹ በቦታው መንፈስ ስላለ ምርመራ ወይም ጸሎት ያስፈልጋል የሚሉ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ባለ ርስቶቹ ሲሆኑ፣ የሚያነሡት ጉዳይ የመኖሪያቸውን ጸጥታ፣ የእርሻቸውንና የደናቸውን ደኅንነት እንዲሁም የሐውልቱን ጥበቃ ነው። የመጀመሪያዎቹና የሁለተኛዎቹ ጥያቄ አንዳንዴ በአንድ ላይ መቅረቡ የቅርሱን ጉዳይ ጎድቶታል፤ መቃብሩ ይጠገን የሚለው ልመና ከቫምፓየር ወሬ ጋር ተደባልቆ በቁም ነገር እንዳይታይ አድርጎታልና። አልፎ አልፎ በፈቃድና በአስጎብኚ የተካሄዱ ጉብኝቶች መካከለኛ መፍትሔ ሆነው ቆይተዋል።

ሕጉ

በእንግሊዝ ሕግ ያለ ፈቃድ የሰው መሬት መርገጥ በአብዛኛው ወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ጥፋት ነው። ባለ ይዞታው ሰውየውን ማስወጣትና በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። በ2000 የወጣው የገጠርና የመተላለፊያ መብት ሕግ በእግር ለሚጓዙ ሰዎች ተራራዎችን፣ ጠፍ መሬቶችንና የወል መሬቶችን ከፍቷል። በግል መናፈሻና በደን ውስጥ የመግባት አጠቃላይ መብት ግን አልሰጠም። በቅርስ መዝገብ መስፈርም ሐውልቱ ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል እንጂ ለጎብኚ በር አያስከፍትም። የተቀበረ አስከሬን ያለ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ከ1857ቱ የቀብር ሕግ ጀምሮ የሚያስቀጣ ነው።

የማስረጃ ጥያቄ

የሙት መንፈስ መርማሪዎች በአብዛኛው የድምፅ መቅጃ፣ የሙቀት መለኪያና የኤሌክትሮማግኔት መለኪያ ይጠቀማሉ። ተቺዎች እንደሚሉት እነዚህ መሣሪያዎች የአየርና የኤሌክትሪክ ለውጥን ይለካሉ እንጂ መንፈስን አይለዩም። በጨለማ ደን ውስጥ፣ አስፈሪ ታሪክ አስቀድሞ የሰማና እንዳይያዝ የሚሠጋ ሰው ጥላን እንደ ሰው ማየቱ፣ የቅጠል ድምፅን እንደ ኮቴ መስማቱ ያለ ነገር ነው።

የቦታው መዘጋት ችግሩን ከሁለቱም ወገን አክብዶታል። ተሰርቀው የገቡ ሰዎች ያዩትን ሌላ ሰው በዚያው ቦታና ሁኔታ ደግሞ ሊፈትሸው አይችልም። ስለዚህ ምስክርነታቸው አይረጋገጥም፤ ሐሰት መሆኑንም ማሳየት አይቻልም። ክልከላውም በተራው የተደበቀ ነገር አለ የሚለውን ጥርጣሬ ያሳድጋል። ስለ መቃብሩ እስካሁን የታወቀው ሁሉ፣ የ1665ቱ ሥዕል፣ የቁፋሮው ውጤትና የጌል ጽሑፍ ሐሰተኛነት፣ የተገኘው በቀን ብርሃን ከተሠራ ሥራና ከጽሑፍ ምርመራ ነው።