አፈርሳታ፦ ፖሊስ ሳይኖር ሌባ እንዴት ይወጣ ነበር?

ወግዲ ውስጥ ሌሊት በሬ ተሰረቀ እንበል። ዘመኑ ፖሊስ የሌለበት ነው። ታዲያ ሌባውን ማን ያወጣዋል? መልሱ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይሉታል።

በደጋው አገር ይሠራበት በነበረው በዚህ ሥርዓት የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ሰዉን ለብቻ ለብቻ ይጠይቃሉ። ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል እንጂ ስሙ አይወጣም። ሌባው ካልተገኘ ካሳውን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

ጥሩ ጎን አለው፦ የጎረቤት በሬ የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። ግን ወፏ ብትዋሽስ? ዘመድ የሌለው ድሃ ማን እንደጠቆመው እንኳ ሳያውቅ እንዴት ይከራከር?

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ ወንጀል መመርመርም ቀስ በቀስ የፖሊስ ሥራ ሆነ። ጥያቄውም አብሮ ዞረ፦ ፖሊሱስ ቢሳሳት? በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ ፖሊስ በደለኝ የሚል ሰውም አቤት የሚልበት ነው።

ሕዝብ ካልተናገረ ሌባ አይያዝም። ጠያቂውን የሚጠይቅ ከሌለ ደግሞ ሕዝቡ አምኖ አይናገርም።