ዘማቹና ርስተኛው

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ገበሬውን በማኅበር የማደራጀቱ ሸክም በአብዛኛው በእነርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በደቡብ አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ስላወጣው መልእክቱ በቀላሉ ተሰማ። መካነ ሰላም ዋና ከተማው በነበረችው በቦረና አውራጃና በመሰሎቹ የወሎ ደጋዎች ግን ርስተኛው ካባት ካያት የወረሰውን ያርስ ነበርና ማሳመኑ ከበደ። አዋጁም የርስት አገር ገበሬ የያዘውን መሬት እንዲያርስ ፈቀደ።

ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ቀበሌ ገበሬው መሪዎቹንና ዳኞቹን መረጠ። ዘማቹ ሲመለስ ማኅበሩ ቀረ፤ ውሎ አድሮ ግን የመንግሥት ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ሆነ። ተመራጩ ተጠያቂነቱ ለመራጩ ካልሆነ፣ ሕዝብን ማደራጀት ለአዲስ ጌታ ገባር ማዘጋጀት ይሆናል።