ከአራስ እስከ አስታማሚ፦ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ አመጣጥ

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አልጋ የያዘ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይተኛም፤ ከአጠገቡ አስታማሚ አለ። አስታማሚው ምግብ ያቀርባል፣ ሕመምተኛውን ያገላብጣል፣ የታዘዘውን መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፤ በሕመሙ ላይ የታየውን ለውጥም ብዙ ጊዜ ለነርስ ቀድሞ የሚነግረው እርሱ ነው። ይህ ሰው ደመወዝተኛ ከሆነ ግን በሕመምተኛው አልጋና በሥራ ገበታው መካከል ለመምረጥ ይገደዳል። ሕግ ለዚህ ሰው ዕውቅና ለመስጠት ረጅም መንገድ ተጉዟል፤ ጉዞውም የተጀመረው ከአራስ ሴት ነው።

ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ ሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 8 ሳምንት ከፋብሪካ ሥራ እንድትርቅ አዘዘች። በተከታዩ ዓመት ጀርመን ከወሊድ በኋላ 3 ሳምንት ደነገገች። እነዚህ ሕጎች ስለ ደመወዝ ያሉት ነገር ስላልነበረ እናቲቱን ከማሽን ቢያርቋትም ከችግር አላዳኗትም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በዋሽንግተን ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ ስምምነት ቁጥር 3ን አጸደቀ። ስምምነቱ ከወሊድ በፊት 6 ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላም 6 ሳምንት ፈቀደ፤ ለእናቲቱና ለሕፃኑ ጤንነት የሚበቃ አበል፣ የሐኪም ወይም የአዋላጅ ነፃ አገልግሎት እንዲሁም በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የማጥቢያ ጊዜ እንዲሰጥ አዘዘ። ለቅድመ ወሊዱ እረፍት በር ከፋች የተደረገው የሕክምና ማስረጃ ነው። ሐኪሙ የመውለጃዋን ቀን አሳስቶ ቢገምት እንኳ እናቲቱ አበሏን እንዳታጣ ስምምነቱ በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ፊርማ ከጅምሩ የመብቱ አካል ነበረ፤ የባለሙያው ስሕተት ግን በእናቲቱ ላይ እንዳይወድቅ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሕጉ የሚያውቀው መውለድን እንጂ ማስታመምን አልነበረም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የቤተሰብ ኃላፊነትን የሚመለከት ምክረ ሐሳብ ሲያወጣ እንኳ የተናገረው ስለ ሴቶች ብቻ ነበር። ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1981 በጸደቀው ስምምነት ቁጥር 156 ነው። ስምምነቱ ወንዶችንም ሴቶችንም የሚመለከት ሆኖ፣ ከልጆች በተጨማሪ እንክብካቤ የሚያሻቸውን ሌሎች የቅርብ ቤተሰብ አባላት አካተተ። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 165ም የቤተሰብ አባል ሲታመም ሠራተኛው ፈቃድ ማግኘት እንዲችል መከረ።

አገሮች ሐሳቡን በየመንገዳቸው ተረጎሙት። ስዊድን ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1974 የወላጅነት መድንን ለእናትም ለአባትም ከፈተች፤ የታመመ ልጅን ለማስታመም ከሥራ የሚቀር ወላጅም አበል እንዲያገኝ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በጽኑ የታመመ ዘመድን ለሚያስታምም ሠራተኛ ተመሳሳይ መብት ጨመረች። በአሜሪካ በአንጻሩ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ውድቅ ከተደረገ በኋላ፣ በየካቲት 1993 በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ፊርማ ጸደቀ። ሕጉ ልጅን፣ የትዳር ጓደኛን ወይም ወላጅን ለማስታመም በዓመት 12 ሳምንት ቢፈቅድም ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው፤ ከ50 ያነሱ ሠራተኞች ያሏቸውን የግል ድርጅቶችም አያስገድድም። ደመወዙ ቢቀርበት መኖር የማይችል ሠራተኛ መብቱ በወረቀት ላይ ቀረበት።

ኢትዮጵያ ስምምነት ቁጥር 156ን ያጸደቀችው በጥር ወር 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ነበር። ይሁን እንጂ በኋላ የወጡት ሕጎች ይበልጥ ያጎለበቱት የወሊድን ፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ሰጠ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ደመወዝ ጋር መብት አደረገው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድኅረ ወሊዱን ፈቃድ ወደ 90 ቀን አሳደጉት። በአዋጅ 1156 አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ አገኘ።

አስታማሚው ግን በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 81 ውስጥ በስሙ አልተጠራም። አንቀጹ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ዘመዱ በሕይወት ሳለ ለማስታመም የሚፈልግ ሠራተኛ ሊጠቅሰው የሚችለው ስለ ልዩና ከባድ ሁኔታ የሚናገረውን ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ይኸውም እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ነው። ሕጉ ለመቅበር የከፈለውን ያህል ለማስታመም አልከፈለም። ከዓመት ፈቃዱ ቆርጦ የሚያስታምም ሠራተኛ ዕረፍቱን ያጣል፤ ያም ሲያልቅበት ደመወዙን ወይም ሕመምተኛውን ይተዋል።

የዚህ ክፍተት ውጤት ቶሎ የሚታየው በሕክምና ተቋም ነው፦ ቀጠሮ ይዘለላል፣ የረጅም ጊዜ መድኃኒት ይቋረጣል፣ ልጅ ሳይሻለው በቤተሰቡ ጥያቄ ይወጣል። የወሊድ ፈቃድ ታሪክ እንደሚያሳየው የእናቲቱ ችግር የሕግ መብት የሆነው የሕክምና ጉዳይ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ነው። ለአስታማሚውም ተመሳሳይ ምስክርነት ያስፈልገዋል። ሕመምተኛው ለስንት ቀን የሰው እርዳታ እንደሚያሻው በሕክምና ማስረጃው ላይ በግልጽ መጻፍ፣ አስታማሚ በማጣት የተስተጓጎለ ሕክምናንም መዝግቦ መያዝ የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው፤ ሕግ አውጪውም ማስረጃውን የሚያገኘው ከዚሁ መዝገብ ነው።